ከጀልባ ወርዶ በወደብ ስለሚዋልባት ቀን

በመርከብ ወይም በጀልባ የሚጓዝ ሰው ሁለት ዓይነት ቀን አለው። አንደኛው በውሃ ላይ የሚያሳልፈው ነው፤ በዚያ ቀን ተቀምጦ ከማየት በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ሁለተኛው መርከቡ ወደብ ይዞ መንገደኛው ምድር የሚረግጥበት ነው። ይህ ሁለተኛው ቀን እጅግ አጭር ነው፤ መርከበኛው «በዚህ ሰዓት ተመለሱ» ብሎ የቈረጠው ነውና። እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስናገለግልና ቀጠሮ ስንመዘግብ ብዙ ዘመን ስለ ኖርን፣ የተቈረጠ ሰዓት የሰውን ጠባይ እንዴት እንደሚገልጥ ጥቂት እናውቃለን። ቀጠሮ ሲያጥር አንዱ ይቸኩላል፤ አንዱ ይቈጣል፤ አንዱ ደግሞ ዋናውን ነገር ለይቶ ይናገራል። በወደብ የምትዋል ቀንም እንደዚሁ ናት።

አንባቢዎቻችን ምናልባት «በወሎ ደጋ የሚኖር ሰው ስለ ወደብ ምን ሊነግረን ይችላል?» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ወደብ የላትም። የመካነ ሰላምም ሰው ከውሃ ጋር ያለው ትውውቅ ጥቂት ነው። ዐባይ ቦረናን ከጎጃም እየለየ በጥልቅ ቆላ ውስጥ ያልፋል፤ በገደሉ አፋፍ የቆመ ሰው ውሃውን ከሩቅ እንደ ክር ቀጥኖ ያየዋል እንጂ አይነካውም። ዳሩ ግን ያ ውሃ የሚወጣበት ጣና ሐይቅ፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ ስፍራ ይዞ የተንጣለለ የደጋ ባሕር ነው። በዳርቻውና በደሴቶቹም ዘጌ፣ ደቅ፣ ቁንዝላ፣ ደልጊ፣ ጎርጎራ የሚባሉ ወደቦች አሉት። ስለዚህ ወደብ ማየት የፈለገ የደጋ ሰው ጅቡቲ ድረስ መሄድ ግድ አይሆንበትም።

ልጆቻችን «ይህ ውሃ ከወዴት ይመጣል?» እያሉ ደጋግመው ስለ ጠየቁን፣ በቃል ከምንመልስላቸው ወስደን እናሳያቸው ብለን በጥር ወር 2010 ዓ.ም. ከባለቤታችን ጋር ተነሣን። ሴት ልጃችን ያን ጊዜ የ12 ዓመት፣ ወንዱ የ9 ዓመት ልጆች ነበሩ። በደሴ በኩል ዞረን ባሕር ዳር ገባን።

ከልጆቹ ጥያቄ በቀር ሌላ አንድ አደራ ነበረብን። አባታችን በወጣትነታቸው በሐይቅ እስጢፋኖስ የተማሩ ሰው ነበሩ። በጣና ላይ ያለውን የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም የመሠረቱት አቡነ ኂሩተ አምላክ ከሐይቅ የሄዱ መነኵሴ መሆናቸው በትውፊት ይነገራል፤ አባታችንም ይህን ሰምተው ዳጋን ለመሳለም ዘመናቸውን ሁሉ ሲመኙ ኖሩ። በ1999 ዓ.ም. ሊያርፉ ሲሉ «እኔ ሳልደርስበት ቀረሁ፤ አንተ ድረስበት» አሉን። ይህ ቃል በልባችን ነበረ።

በባሕር ዳር ከሌሎች መንገደኞች ጋር ገንዘብ አዋጥተን አንዲት የሞተር ጀልባ ለሦስት ቀን ተከራየን። ከጀልባ ነጂው በቀር አራት ወንዶች፣ አራት ሴቶችና ሁለቱ ልጆቻችን ነበርን። በመጀመሪያው ቀን ወደ ዘጌ ሄድን። ነጂው ጀልባዋን አስጠግቶ «ሦስት ሰዓት ተሰጥቷችኋል» አለን። ገና ቃሉን ሳይጨርስ ባልንጀሮቻችን በጫካው መንገድ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሽቅብ መገስገስ ጀመሩ። እኛ ግን ባለቤታችን መንገድ ስለ ደከማት፣ ከመንገዱ ዳር ቡና ለምታፈላ አንዲት እናት እጅ ነሥተን በደጇ ተቀመጥን።

ቡናው እስኪፈላ ድረስ ወንዱ ልጃችን ዙሪያውን ሲያይ ቆይቶ «እማማ፣ በሬዎቻችሁ የት ናቸው?» ብሎ ጠየቃት። በቦረና በሬ የሌለበት ደጅ ስላላየ፣ ጥያቄው ከልቡ ነበር። ሴትዮዋም ስቃ «ልጄ፣ በዘጌ በሬ አይጠመድም፤ ምድራችን አይታረስም» አለችው። ከዚያ በኋላ ዘርዝራ አጫወተችን። በዘጌ ማረስ ከጥንት ጀምሮ በገዳሙ ሥርዓት የተከለከለ ነው፤ ሰው የሚኖረው በጫካው ጥላ ሥር በሚበቅለው ቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። የሚበላውን እህል ከሌላ አገር ገዝቶ ያመጣል፤ ጫካውም እስከ ዛሬ የቆየው ስለዚህ ነው። ከተቀመጥንበት ቦታም በደንገል የታሰሩ ታንኳዎች እንጨት ተጭነው ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ ይታዩን ነበር። ባለቤታችንም ቡናው እንዴት እንደሚለቀምና እንደሚደርቅ ጠየቀቻት፤ ሁለቱ ሴቶች ስለ ቤታቸው ሥራ እንደ ጎረቤት ተጨዋወቱ።

በመጨረሻም ሴትዮዋ ሽቅብ የሄዱትን መንገደኞች በዓይኗ እያመለከተች አንድ ነገር ተናገረች። «ጀልባው በየቀኑ ብዙ ዓይን ያመጣልናል፤ እንግዳ ግን ከስንት አንድ ቀን ነው የሚያመጣልን» አለች። ይህ ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአሳባችን አልወጣም። በቀረን ሰዓት ወደ ዑራ ወጥተን ተሳልመን፣ በግድግዳው ያሉትን ሥዕሎችም አይተን ሰዓቱ ሳይሞላ ተመለስን። ባልንጀሮቻችን ሁለት አብያተ ክርስቲያናት አይተው ነበር፤ እኛ ያየነው አንድ ብቻ ነው። ነገር ግን ማታ በባሕር ዳር ስንጫወት፣ ዘጌ እንደማይታረስ ከእነርሱ መካከል የሰማ አንድ ሰው አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን የገጠመን ግን ከዚህ የከበደ ነገር ነው። የዚያን ቀን አሳባችን ደቅ ደሴት ወዳለው ወደ ናርጋ ሥላሴ፣ ከዚያም በአጠገቡ ወዳለው ወደ ዳጋ ደርሰን ጎርጎራ ለማደር ነበር። ጧት ግን ጀልባዋ ዘግይታ ተነሣች። በመንገድ ላይ ነጂው ሰማዩንና ውሃውን ተመልክቶ «ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ማዕበሉ ሳይበረታ ጎርጎራ መግባት አለብን። የምንወርደው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ወይ ዳጋ፣ ወይ ናርጋ፤ እናንተው ተማከሩ» አለን።

አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አትገባም። ይህ የገዳሙ የጥንት ሥርዓት ነው። በዚያም የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል ዐፅም ከሌሎች ነገሥታት ዐፅም ጋር ተጠብቆ ይኖራል። ስለዚህ ሦስቱ ወንዶች ባንድ ቃል «ዳጋ» አሉ። ከእነርሱ አንዱ፣ ከጎንደር በኩል የመጣ ነጋዴ፣ «ናርጋን ሌላ ቀን ማየት ይቻላል፤ የነገሥታት ዐፅም ያለበት ደጅ ደርሶ ማለፍ ግን ነውር ነው» አለ። ሦስቱ ሴቶች ደግሞ «እኛም እንደ እናንተ ከፍለናል፤ በፀሐይ ጀልባ ላይ ተቀምጠን እናንተን ለመጠበቅ አልመጣንም» አሉ። ሦስት ለሦስት ሆነ ማለት ነው።

ባለቤታችን የአባታችንን አደራ ስለምታውቅ ወደ ጆሯችን ጠጋ ብላ «የአባባን ቃል አስብ፤ እኔና ልጅቱ እንቆያለን። የኔን ድምፅ ላንተ ሰጥቻለሁ» አለችን። እንግዲህ ሁለት ድምፅ በእጃችን ሆነ፤ ነገሩም በእኛ ቃል የሚቈረጥ ሆነ። በፍርድ ቤት ሌሎች ሲፈርዱ እየጻፍን ስለ ኖርን፣ ራሳችን ለመቍረጥ ስንቀመጥ ብዕር እንደ መያዝ ቀላል አልሆነልንም።

በዚያን ጊዜ ሴት ልጃችን «አባዬ፣ እናንተ ዳጋን ስታዩ እኛ ምን እናያለን?» ብላ ጠየቀችን። ጥያቄዋ የምሬት አልነበረም፤ ማወቅ ስለ ፈለገች ብቻ ጠየቀች። እኛም የምንመልስላት አጣን።

ከዚህ በኋላ እንዲህ ብለን አሰብን። የገዳሙ ሥርዓት የገዳሙ ነው፤ እንግዳ ሆኖ የሄደ ሰው የቤቱን ሕግ ሊያከብር እንጂ ሊሟገት አይገባውም። የአባታችንም አደራ ለአንድ ሰው የተሰጠ ነው፤ ያ ሰው ዕድሜ ቢሰጠው በሌላ ዘመን ብቻውን ሄዶ ሊፈጽመው ይችላል። ይህች ቀን ግን የሁላችን ገንዘብ የተዋጣባት፣ የሁላችን ቀን ናት። የጋራ የሆነችውን ቀን ግማሾቹ ወደማይገቡበት ደጅ ብንወስዳት፣ በሥርዓቱ ተከልክለው ቆሙ የሚባሉት ሴቶች በእውነት በእኛ ምርጫ ተቀምጠው መዋላቸው ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ድምፅ ለናርጋ ሰጠን። ነጋዴው «ጌታው፣ አላሰቡበትም» አለን፤ ናርጋ እስክንደርስም ድረስ ሲያጕረመርም ቆየ። ባለቤታችንም ምንም ሳትናገር ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።

ናርጋ ሥላሴ በ18ኛው ምእት ዓመት፣ ዳግማዊ አፄ ኢያሱ በነገሡበት ዘመን እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ ነው። ካህኑ በአንደኛው ሥዕል ፊት አቆሙን፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሥላለች፣ ከእግሯም ሥር አንዲት ያማረ ልብስ የለበሰች ሴት ተደፍታ ትታያለች። ሴት ልጃችን «ይህች ማን ናት?» ብላ ጠየቀች። ካህኑም «ልጄ፣ ይህን ቤት ያሠሩት እቴጌ ናቸው፤ ሲለምኑ ነው የተሣሉት» አሏት። ልጅቱ ብዙ ጊዜ ቆማ አየች። ከዚያም ወደ እናቷ ዞራ በሹክሹክታ «ሴት ናት ያሠራችው!» ስትል ሰማን። ያ ያጕረመረመው ነጋዴም ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ሲመለከት ቆይቶ ከሁላችን በኋላ ወጣ።

ወደ ጀልባዋ ስንመለስ ባለቤታችን «የአባባ አደራስ?» አለችን። «ቀጠሮው ተለወጠ እንጂ መዝገቡ አልተዘጋም» ብለን መለስንላት። ዳጋንም ከሩቅ በስተ ቀኝ ስናልፈው ቆመን፣ ባርኔጣችንን አውልቀን ተሳለምነው። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰዓት ልባችን አዝኖ ነበር፤ የመረጥነውን ግን አልጠላነውም። ለሌላ ሰው ብሎ የተተወ ነገር ሳያሳዝን ቢቀር፣ መተዉ ምን ዋጋ ይኖረዋል?

ማታ ጎርጎራ አደርን። ጎርጎራ አፄ ሱስንዮስ በ17ኛው ምእት ዓመት በአካባቢዋ ከተማቸውን አድርገው የተቀመጡባት ስፍራ ናት። ደብረ ሲና ማርያም የምትባለው ቤተ ክርስቲያንም በሥዕሎቿ የታወቀች ናት፤ ሥዕሎቹን የአፄ ፋሲል እኅት ወይዘሮ መለኮታዊት እንዳሠሯቸው ይነገራል። ጣሊያኖችም በወረራው ዘመን በዚያው በጎርጎራ የድንጋይ ሐውልት ተክለው ሄደዋል። በሦስተኛው ቀን ጧት ነጂው አራት ሰዓት ሰጠን። በዚህ ጊዜ የዘጌዋን እናት ቃል አስበን ከልጆቹ ጋር ተማከርንና፣ ሁለቱን ሰዓት በደብረ ሲና፣ የቀረውን ሁለት ሰዓት በወደቡ ዳር ታንኳ ከሚሠራ አንድ ሽማግሌ ዘንድ እናሳልፍ አልን። ሐውልቱን ከሩቅ አየነው፤ በቃን።

ሽማግሌው ደረቁን ደንገል እየነጠሉ፣ እያጠበቁ ሲያስሩ ልጆቹ ገመዱን ያዙላቸው። ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው አጭር መሆኑን፣ ስለዚህም ከውሃ በወጣ ቍጥር ቆሞ መድረቅ እንዳለበት ነገሩን። «ሰነፍ ሰው ታንኳውን በውሃ ላይ አሳድሮ ጧት ሌላ ታንኳ ይፈልጋል» አሉ። ወንዱ ልጃችን ዛሬ ጐልማሳ ሊሆን ተቃርቧል፤ ስለዚያ ጉዞ ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚናገረው ስለ ነገሥታትም ስለ ሥዕልም አይደለም፤ በእጁ ስለ ያዘው ገመድ ነው።

ይህ ጉዳይ የጣና ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ወደ ውጭ አገር ጥቂት እንመልከት። በዘመናችን ሰዎችን ለመዝናኛ ከወደብ ወደ ወደብ የሚያዞሩ እጅግ ታላላቅ መርከቦች አሉ። በ2016 ዓ.ም. መንገድ የጀመረችው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የምትባለው መርከብ ብቻዋን ከ7,000 በላይ መንገደኞች መያዝ ትችላለች። እንዲህ ያለች መርከብ ጧት ወደብ ስትይዝ ሕዝቡ ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ ከተማው ይፈስሳል፤ ማታ ደግሞ ከመነሻዋ ሰዓት ቀድሞ መመለስ አለበት፤ የዘገየውን መርከብ አይጠብቀውም። ከተማዎቹ ከዚህ ገንዘብ ያገኛሉ፤ ነገር ግን መንገዳቸው ይጣበባል፤ አገሬውም በገዛ ደጁ መንቀሳቀስ ይቸግረዋል። ስለዚህ በጣሊያን አገር የምትገኘው ቬኒስ ትልልቅ መርከቦች በመካከሏ በሚያልፈው በጁዴካ ቦይ እንዳይሄዱ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ተከለከሉ። ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከተማዪቱ ለአንድ ቀን መጥቶ ሳያድር የሚመለሰውን ጎብኚ በተወሰኑ ቀናት 5 ዩሮ ማስከፈል ጀመረች። የዘጌዋ እናት በአንድ ቃል የተናገረችውን ቬኒስ በሕግ ተናገረችው ማለት ነው።

በአጭር ጊዜ ብዙ ማወቅ የማይቻል ነው እንዳንል ደግሞ በአገራችን ታሪክ መልካም ምሳሌ አለን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመርከብ ወደ ጃፓን ሄደው፣ ከተመለሱ በኋላ ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተባለውን መጽሐፍ ለወገኖቻቸው አሳተሙ። በጉዞ የሚያልፉትን ሰዓታት እየጠየቁና እየመዘገቡ ካሳለፉ፣ ከአንድ ሰው ጉዞ ለብዙ ሰው የሚተርፍ ዕውቀት እንደሚገኝ ከዚህ እንረዳለን።

በቅርቡም አንድ የሚያስደንቅ ነገር ሆነ። ለጣና ሐይቅ የተገዛችው፣ 38 ሜትር የምትረዝመውና ከ180 በላይ ሰው የምትይዘው ጣናነሽ ሁለት የተባለች ጀልባ በ2017 ዓ.ም. በታላቅ መኪና ተጭና ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ጉዞ ጀመረች። በባሕር ላይ የሚሄድ መንገደኛ በወደብ ወርዶ አገር ያያል፤ በዚህ ጊዜ ግን ጀልባዋ ራሷ በምድር ላይ ስታልፍ፣ የየመንገዱ ሰው ወጥቶ እርሷን አየ። ወደብ የሌለው አገር ሰው በደጁ ጀልባ ስታልፍ ማየቱ ደስ ያሰኛል።

እኛ ዳጋን እስከ ዛሬ አልተሳለምንም። ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ጦርነት ብዙ መንገደኛ እንዳስቀረ እኛንም አስቀርቶናል። በዚህ ዘመን አንዲት ቀን በሰላም ወጥቶ በሰላም መመለስ ምን ያህል ታላቅ ሀብት እንደ ሆነች ያላወቀ የለም። መንገዱ ሲከፈት የአባታችንን አደራ ለመፈጸም፣ ወንዱን ልጃችንን አስከትለን እንሄዳለን። እናቱና እኅቱ ደግሞ በዚያው ቀን ናርጋ እንዲውሉ አስቀድመን ተስማምተናል።

እንግዲህ ከቤተ ሰቦቻቸው ጋር በጀልባም ሆነ በመኪና ለሚጓዙ አንባቢዎቻችን የምንመክረው ጥቂት ነው። ጥቂት ሰዓት በተሰጣችሁ ቦታ ብዙ ስፍራ ለማየት አትሩጡ፤ አንዱን ምረጡ። ከመካከላችሁ ማንም ወደማይቀርበት ስፍራ ሂዱ። ከመግዛታችሁና ሥዕል ከማንሣታችሁ በፊት የቤቱን ባለቤት እጅ ንሡ። ልጆቻችሁ የጠየቁትን ጥያቄ የአገሩ ሰው ይመልስላቸው፤ እናንተ ዝም በሉ። ሰዓቱም ሳይሞላ ተመለሱ፤ የሚጠብቃችሁ ነጂ ማዕበሉን ከእናንተ ይልቅ ያውቃልና። ለእኛ የዕረፍት ቀን የሆነችው ቀን ለዚያ ወደብ ሰው የሥራ ቀን መሆኗን ካልዘነጋን፣ ስንሄድ «እንግዶቻችን ሄዱ» ይሉናል። መንገደኛ ከዚህ የበለጠ ስም አያስፈልገውም።